ቴሬዚን፦ ጌቶ በነበረች ከተማ ውስጥ ዛሬም ሰው ይኖራል። የሄዳችሁ አላችሁ?

ሰናይት_ቪየና

ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን ፕራግ ዘመድ ልጠይቅ ሄጄ በዚያው ቴሬዚን ደርሼ ተመለስኩ። ከፕራግ ወደ ሰሜን 60 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትርቅ ትንሽ ከተማ ናት። ጀርመኖቹ ቴሬዚየንሽታት ይሏት ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ናዚዎች ነዋሪዎቿን አስወጥተው ከተማዋን እንዳለች የአይሁዶች ጌቶ፣ ማለትም አይሁዶች ብቻ ተለይተው የሚታጎሩበት ሰፈር፣ አደረጓት።

እዚህ ኦስትሪያ የናዚ ማጎሪያ ካምፕ የነበረውን ማውትሃውዘንን አይቻለሁ። እዚያ አጥሩም በሩም ይታወቃል። ገብታችሁ፣ አይታችሁ ትወጣላችሁ። ቴሬዚን እንደዚያ አይደለችም። ስትደርሱ የሚቀበላችሁ ሰፊ አደባባይ ነው። ዛፍ አለ፣ አግዳሚ ወንበር አለ፣ ቤተ ክርስቲያን አለ። አንዲት ሴትዮ ዳቦ በፌስታል ይዛ ከሱቅ ስትወጣ አየሁ። አንዱ ቤት መስኮት ላይ ልብስ ተሰጥቷል። የጌቶውን ካርታ ገልጬ ስመለከት ልብሱ የተሰጣበት ቤት እስረኞች ከታጎሩባቸው ቤቶች አንዱ ነው። ካርታው ላይ ቁጥር የሌለው ቤት ፈልጌ አጣሁ።

ከጦርነቱ በፊት ወታደሩም ሲቪሉም ተደምሮ 7,000 ገደማ ሰው ይኖርባት ነበር። ሴፕቴምበር 1942 ላይ ወደ 58,000 ሰው ታጭቆባታል። ሰገነት ላይ፣ ምድር ቤት፣ በረት ውስጥ ሳይቀር። ከዚያ ሁሉ መሃል ቆሜ የሰማሁት የወፍ ድምፅ ብቻ ነው።

ሁለት ነገር ልጠይቃችሁ። እንዲህ ባለ ቦታ ሰው መኖሩን እንዴት ታዩታላችሁ? የሄዳችሁ ካላችሁ ደግሞ ምን አያችሁ? አብረውኝ የነበሩት ጎብኚዎች አብዛኞቹ ትንሹን ምሽግ ብቻ አይተው አውቶቡሳቸው ውስጥ ገቡ። ይሄ በጣም አሳዘነኝ። ጌቶው እኮ ከተማዋ ራሷ ነበረች።

ዳዊት_ዘጉለሌ

እኔ በግሌ ልክ ነው ብዬ አላምንም። እዚያው ጌቶ ውስጥ ብቻ ከ33,000 በላይ ሰው በረሃብ፣ በበሽታና በመጨናነቅ አልቋል። እንደዚህ ያለ ቦታ ላይ ሱቅ ከፍቶ ቡና እየሸጡ መኖር ይከብዳል። ባዶ ሆኖ መታሰቢያ ብቻ መሆን ነበረበት። ሰው ሲኖርበት ቀስ በቀስ ይለመዳል። የተለመደ ነገር ደግሞ ይረሳል።

ሚሚ_ፍራንክፈርት

ሰናዬ፣ ትንሹ ምሽግ ምንድን ነው? ከጌቶው ይለያል እንዴ? በበዓሉ እረፍት ልጆቼን ይዤ ፕራግ ልሄድ አስቤያለሁ፤ ለዚያ ነው የምጠይቅሽ።

ሰናይት_ቪየና

አዎ ሚሚዬ፣ ይለያል። ብዙ ሰው የሚምታታበትም እዚህ ላይ ነው።

ቴሬዚን ስትሠራ ምሽግ ነበረች። የሐፕስበርጉ ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ዮሴፍ በፈረንጆቹ 1780 አስጀመራት፤ ስሟንም በእናቱ በማሪያ ቴሬዛ ሰየመው። ዙሪያዋ በቀይ ሸክላ ጡብ የታነጸ፣ ከላይ ሲታይ ኮከብ የሚመስል ወፍራም ግንብ ነው። በኦኸርዠ ወንዝ ወዲህና ወዲያ ሁለት ክፍል አላት። ትልቁ ክፍል ከተማዋ ናት። ከወንዙ ማዶ ያለው ትንሹ ምሽግ ከድሮም እስር ቤት ነበር። የኦስትሪያን አልጋ ወራሽ ሳራዬቮ ላይ የገደለው ጋቭሪሎ ፕሪንሲፕ የታሰረው እዚያ ነው። በሳንባ ነቀርሳ ማቆ በ1918 ሞተ።

ከጁን 1940 ጀምሮ ትንሹ ምሽግ የፕራግ ጌስታፖ (የናዚ ምስጢራዊ ፖሊስ) እስር ቤት ሆነ። 32,000 ገደማ እስረኛ አልፎበታል። አብዛኞቹ ናዚን የተቃወሙ ቼኮች ናቸው። አይሁዶችም ነበሩበት፤ ከሁሉም የከፋው ስቃይ የደረሰው በነሱ ላይ ነው። በሩ ላይ ያ «ሥራ ነፃ ያወጣል» የሚለው ጽሑፍ አለ። ጠባብ ክፍሎች፣ የረሸና ቦታ፣ ሁሉም አለ። ሰው «ካምፕ» ሲባል የሚጠብቀውን ስለሚመስል ሁሉም ወደዚያ ይሮጣል። ከ140,000 በላይ አይሁዶች የገቡበት ጌቶ ግን ወዲህ ማዶ ያለው፣ ዛሬ ሰው የሚኖርበት ነው። እሱን ለማየት ካሜራ ብቻ አይበቃም። አንብቦ መሄድ ይፈልጋል።

ጋሽ_ተፈራ_ብርኖ

ልጆቼ፣ ጨዋታችሁን ሳነብ የቆየ ነገር ቀሰቀሳችሁብኝ። እኔ በፈረንጆቹ 1970ዎቹ ለትምህርት ወደ ቼኮስሎቫኪያ ከመጡት ኢትዮጵያውያን አንዱ ነኝ፤ እዚሁ ቀረሁ። ያኔ የውጭ አገር ተማሪዎችን በአውቶቡስ ጭነው ቴሬዚን ወሰዱን። ያየነው ትንሹን ምሽግ ነው። አስጎብኚው ስለ ኮሚኒስት ታጋዮችና ስለ ቀይ ጦር አስረዳን። ስለ አይሁዶቹ የሰማነው በጣት የሚቆጠር ቃል ነበር። ከተማዋን በመስኮት አይተን አለፍን።

ይህ የአንድ አስጎብኚ ጥፋት አልነበረም። ዛሬ የጌቶ ሙዚየም የሆነው ሕንፃ ቀድሞ ትምህርት ቤት ነበር። በጦርነቱ ጊዜ ኤል 417 ተብሎ የወንዶች ልጆች ማደሪያ ሆነ። ከጦርነቱ በኋላ ከጌቶው የተረፉ ሰዎች ሙዚየም ይሁንልን ብለው ለመኑ። የጊዜው መንግሥት ግን የፖሊስና የአብዮት ታሪክ ሙዚየም አደረገው። የጌቶ ሙዚየም የተከፈተው ሥርዓቱ ከወደቀ በኋላ፣ በ1991 ነው። አስቡት፤ ከ40 ዓመት በላይ ያ ቤት የራሱን ታሪክ እንዳይናገር ተከልክሎ ቆየ።

አቶ ዳዊት፣ ስለ ነዋሪዎቹ ላልከው አንድ ነገር ልጨምርልህ። በ1942 ጀርመኖች መጀመሪያ ያባረሩት የከተማዋን ተወላጆች ነው። ከጦርነቱ በኋላ ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ወዴት ይሂዱ? በኋላም ከተማዋን ያኖራት ወታደሩ ነበር፤ እሱም በ1990ዎቹ ለቅቆ ወጣ። ዛሬ ሥራ የለም። ወጣቱ ይሄዳል። ትልልቆቹ የጦር ሰፈሮች እየፈረሱ ነው። የድሬስደን የሚባለው ሰፈር ከፊሉ ተደርምሷል። ሰው ባይኖርባት ኖሮ ይህ መፍረስ ገና ድሮ ያልቅ ነበር። ጣሪያ የሚጠግነው የሚኖርበት ሰው ነው።

ዳዊት_ዘጉለሌ

ጋሽ ተፈራ፣ እናመሰግናለን። የነዋሪዎቹን ነገር ገባኝ፤ እነሱን መውቀሴም አይደለም። ያም ሆኖ ሐሳቤን አልቀየርኩም። ቢያንስ መሃሉ፣ የጦር ሰፈሮቹና አደባባዩ፣ ለመታሰቢያ ብቻ ቢለቀቅ እላለሁ።

ሌላ ያልገባኝ ነገር አለ። ቀይ መስቀል ጦርነቱ ሳያልቅ እዚያ ገብቶ «ሁሉ ሰላም ነው» ብሎ ወጣ ይባላል። እንዴት ነው ነገሩ?

መምህር_ከባሕር_ዳር

ዳዊት፣ ጥሩ ጥያቄ አነሳህ። ታሪክ አስተምራለሁ። ይህን ጉዳይ ለተማሪዎቼ ሳነሳው ክፍሉ ጸጥ ይላል።

ኦክቶበር 1943 ላይ ከዴንማርክ ከ400 በላይ አይሁዶች ወደ ቴሬዚን ተወሰዱ። የዴንማርክ መንግሥት ዝም አላለም። «ዜጎቻችን የት ናቸው? እንያቸው» ብሎ ወጥሮ ያዘ። ጀርመኖች በመጨረሻ ፈቀዱ። ግን ጊዜ ወሰዱ። በዚያ ጊዜ ውስጥ ከተማዋን እንደ ሙሽራ አስጌጧት። ቤቶቹ ተቀቡ። አደባባዩ እስረኛ እንዳይረግጠው ታጥሮ የቆየ ነበር፤ አጥሩ ተነስቶ ሣርና ጽጌረዳ ተተከለበት። የሙዚቃ መድረክ ተሠራ። የልጆች መጫወቻ ተከፈተ። ካፌና ባንክ ሳይቀር ከዚያ ቀደም ብለው ለማስመሰል ተከፍተው ነበር። ባንኩ ሙሴ ጽላቱን ይዞ የሚታይበት ብር አሳተመ፤ የሚገዛበት ነገር ግን አልነበረም። በፊደልና በቁጥር ብቻ ይጠሩ የነበሩ መንገዶች ስም ወጣላቸው። እንግዶቹ በሚያልፉባቸው ክፍሎች ከተደራራቢ አልጋዎች ሦስተኛው ፎቅ ተነሳ።

የሰው ብዛትስ? ከተማዋ ተጨናንቃ እንዳትታይ በሜይ 1944 ብቻ 7,503 ሰዎች በተያዘችው ፖላንድ ወደነበረው የናዚ የግድያ ካምፕ፣ ወደ አውሽቪትዝ፣ ተጫኑ።

ጁን 23 ቀን 1944 እንግዶቹ መጡ። ሁለቱ ዴንማርካውያን ናቸው፤ ሦስተኛው የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ኮሚቴ ወኪል፣ ስዊዘርላንዳዊው ሞሪስ ሮሰል። የተሰመረላቸውን መንገድ ተከትለው ሄዱ። ከተረፉት ሰዎች እንደሚሰማው ልጆቹ የጌቶውን አዛዥ ካርል ራምን «አጎቴ ራም፣ ዛሬም ሰርዲን ነው?» እንዲሉት ተለማምደው ነበር። ሰርዲን አይተው የማያውቁ ልጆች ናቸው። ሮሰል በሪፖርቱ ከዚያ ወደ ሌላ ቦታ የሚወሰድ ሰው እንደሌለ ጻፈ። ከዚያ ጉብኝት በፊትና በኋላ ከቴሬዚን ወደ ምሥራቅ የተጫኑት ሲደመሩ ወደ 88,000 ይጠጋሉ። የተረፉት ጥቂት ሺህ ብቻ ናቸው።

ከዚህ በኋላ ያለው ደግሞ ይብሳል። አውሽቪትዝ ውስጥ ከቴሬዚን የመጡ ቤተሰቦች አንድ ላይ የሚቀመጡበት ለብቻው የተከለለ ሰፈር ነበር። እሱም ጎብኚ ቢመጣ እንዲታይ ታስቦ የተያዘ ነው። ቀይ መስቀል በቴሬዚን ረክቶ ሲመለስ ሰፈሩ አላስፈለገም። በጁላይ 1944 ለሥራ ከተመረጡት በቀር የቀሩትን በጋዝ ፈጇቸው።

እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን ስንሰማ አዲስ አይሆንብንም። ፋሺስት ጣሊያን በኛ አቆጣጠር በ1928 ዓ.ም. የመርዝ ጋዝ ሲያዘንብብን የዚሁ ኮሚቴ ወኪሎች አገራችን ነበሩ፤ የተቃጠለውን ሰው በዓይናቸው አይተዋል። ኮሚቴው ግን በአደባባይ አላወገዘም። ስለዚህ ተማሪዎቼን የማስተምራቸው ስለ ሮሰል ሞኝነት አይደለም። ጎብኚ የሚያየው የሚያሳዩትን ነው። አንድ በር ከመንገዱ ወጥቶ ማንኳኳት ነበረበት። አላንኳኳም።

ሚሚ_ፍራንክፈርት

መምህር፣ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው ያነበብኩት። ሰርዲኑ ላይ ስደርስ ስልኬን አስቀመጥኩት።

አቤል_ነታንያ

ሻሎም ወገኖቼ። ከእስራኤል ነኝ፤ ቤተሰቦቼ ከጎንደር የመጡ ቤተ እስራኤል ናቸው። እኔም ቴሬዚን ሄጃለሁ።

ተማሪ ሳለሁ «ይሄ የእናንተ ታሪክ አይደለም፣ ምን አገባህ?» ያለኝ ልጅ ነበር። እውነት ነው፣ የእኛ አያቶች አውሮፓ አልነበሩም። ቤታችን ግን ሐዘን ምን እንደሆነ ያውቃል። ወደ እስራኤል ሲመጡ በሱዳን መንገድ 4,000 ገደማ ወገኖቻችን ሞተው ቀርተዋል። እናቴ እስከ ዛሬ ስማቸውን እየጠራች ታለቅሳለች። የሞተን ሰው በስሙ መጥራት ለኛ ትልቅ ነገር ነው። ቴሬዚን የሄድኩትም ለዚያ ነው።

ሰናይት፣ አንድ ቦታ ልጠይቅሽ። የጸሎት ቤቷን አይተሻል? በአንድ መኖሪያ ቤት ግቢ ውስጥ ናት። እስረኞች ተደብቀው የጸለዩባት፣ ጣሪያዋ ጎበጥ ያለ ጠባብ ክፍል ናት። ጣሪያው ላይ ኮከቦች ተስለዋል። ግድግዳው ላይ በዕብራይስጥ ተጽፏል፦ «ይህ ሁሉ ሆኖ ስምህን አልረሳንም፤ እባክህ አንተም አትርሳን።» ቀለሙ ከታች በኩል እርጥበት በልቶታል። ለብዙ ዓመት ማንም ሳያውቃት ቆይታ ኮሚኒዝም ከወደቀ በኋላ ነው ለሰው የተከፈተችው። እኔ እዚያ ቆሜ ጸለይኩ። ሌላ ማድረግ የምችለው ነገር አልነበረም።

ስለ ቢያሊስቶክ ልጆችም ልንገራችሁ፤ ይህን ብዙ ሰው አያውቅም። በኦገስት 1943 ከፖላንድ፣ ከቢያሊስቶክ ጌቶ፣ 1,200 ገደማ ልጆች በባቡር መጡ። ልብሳቸው ያለቀ፣ በቅማል የተወረሩ፣ ግማሾቹ ባዶ እግራቸውን ናቸው። ወደ ገላ መታጠቢያው ሲያስገቧቸው «ጋዝ! ጋዝ!» እያሉ ጮኹ፤ አንገባም ብለው ተናነቁ። የቴሬዚን ሰዎች ምን እንደሚሉ አልገባቸውም። ልጆቹ ያወቁትን ትልልቆቹ ገና አላወቁም ነበር። ከሌላው ሕዝብ ተለይተው ከግንቡ ውጪ ባሉ የእንጨት ቤቶች ተቀመጡ። ማንም እንዳያናግራቸው ተከለከለ። ከጌቶው ሐኪሞችና ሞግዚቶች ተመድበው ተንከባከቧቸው። ኦክቶበር 5 ቀን ልጆቹን ከ53 ተንከባካቢዎች ጋር ጫኗቸው። ወደ ስዊዘርላንድ ነው የምትሄዱት ተብለው ነበር። አውሽቪትዝ ሲደርሱ ሁሉም ተገደሉ። በፈቃዳቸው አብረዋቸው ከሄዱት አንዷ ኦትላ ናት፤ የደራሲው የፍራንዝ ካፍካ ታናሽ እህት።

እስራኤል ያላችሁ ካላችሁ ደግሞ ጊቫት ሃይም ኢሁድ በሚባል ኪቡትስ (የጋራ መንደር) ውስጥ ቤት ቴሬዚን የሚባል ሙዚየም አለ። ከዚያ የተረፉ ሰዎች ያቋቋሙት ነው። የእስረኞቹን ስም የያዘ መዝገብም አላቸው።

ሰናይት_ቪየና

አቤል፣ እግዚአብሔር ያክብርህ። የጸሎት ቤቷን አይቻለሁ። ከመንገድ ስትታይ ተራ ግቢ ናት፤ ካልጠየቁ አይገኝም።

እኔን ያቆመኝ ሌላ ነገር ነው። የሬሳ ጋሪ። ናዚዎች ከተለያዩ የአይሁድ ማኅበረሰቦች የነጠቋቸውን የሬሳ ጋሪዎች ወደ ጌቶው አመጡ። ፈረስ የለም። የሚጎትተው ሰው ነው። በዚያው ጋሪ ጠዋት ዳቦ ያመላልሱበታል፣ ከሰዓት ሽማግሌ፣ ማታ አስከሬን። ጥቁር ቀለም የተቀባ፣ ጠርዙ የተቀረጸ፣ ለአንድ ሰው የመጨረሻ ክብር ተብሎ የተሠራ ጋሪ ነው እኮ። እስረኞቹ ራሳቸው ሥዕል አድርገው አስቀርተውታል። ሥዕሉ ፊት ብዙ ቆየሁ።

ጋሽ_ተፈራ_ብርኖ

ስለ አስከሬን ካነሳሽ አይቀር ሰናይት፣ ወንዙ ዳር ወርደሻል? ሬሳ ማቃጠያው በ1942 ተሠራ። የሟቾቹ አመድ ስምና ቁጥር እየተጻፈበት በካርቶን ሳጥን ይቀመጥ ነበር። ቤተሰብ ከጦርነቱ በኋላ ወስዶ ይቀብረዋል ብለው ሰዎቹ በዚያ ይጽናኑ ነበር። በኖቬምበር 1944 ናዚዎች ማስረጃ ለማጥፋት የ22,000 ሰው አመድ ኦኸርዠ ወንዝ ውስጥ አስደፉ። እስረኞቹን፣ ልጆችንም ጨምሮ፣ በመስመር አሰልፈው ሳጥኑን እጅ በእጅ እንዲቀባበሉ አደረጓቸው። የወላጁን ስም ሳጥኑ ላይ ያነበበ ሰው ነበር ይባላል። ወንዙ ዳር ዛሬ መታሰቢያ አለ። አስጎብኚዎች ብዙ ጊዜ አይወስዱም። እግራችሁ ከቻለ ሂዱ።

ዳዊት_ዘጉለሌ

ጋሽ ተፈራ፣ ይሄን ሳላውቅ ስከራከር ነበር። እሺ፣ ብሄድ መጀመሪያ የምሄደው ወንዙ ጋ ነው።

ሚሚ_ፍራንክፈርት

ሰናዬ፣ አሁን ቁርጡን ንገሪኝ። ትልቁ ልጄ 14 ነው፣ ትንሿ 9። ሁለቱንም ልውሰድ? በምን ይኬዳል? አንድ ቀን ይበቃል?

ሰናይት_ቪየና

የእናት ነገር አንቺ ታውቂያለሽ፤ እኔ ብሆን ግን 14 ዓመቱን ይዤ ሄጄ ትንሿን ከአባቷ ጋር ፕራግ አስቀራታለሁ። ለትንሿ ፕራግ ውስጥ የፒንካስ ምኩራብ አለልሽ። ግድግዳው ሙሉ ወደ 80,000 የሚጠጉ የቼክ አይሁዶች ስም ተጽፎበታል። ፎቁ ላይ የቴሬዚን ልጆች ሥዕል አለ። ፍሪድል ዲከር ብራንዳይስ የምትባል ሠዓሊ ጌቶው ውስጥ ልጆችን ሥዕል ታስተምር ነበር። በ1944 ወደ አውሽቪትዝ ስትወሰድ 4,500 ገደማ ሥዕል በሁለት ሻንጣ ተደብቆ ቀረ። ቤት፣ ቢራቢሮ፣ ገበታ ላይ የቀረበ ምግብ። የ9 ዓመት ልጅ ያንን ማየት ትችላለች። ጥያቄ ትጠይቅሻለች፤ ተዘጋጂ።

ለቴሬዚን ፕራግ ውስጥ ካለው የሆሌሾቪትሴ ጣቢያ፣ በሜትሮ ሲ መስመር ሄደሽ እዚያ ወርደሽ፣ አውቶቡስ አለ። ወደ አንድ ሰዓት ይፈጃል። ትኬቱን ስትገዢ ሙዚየሙን፣ የማግደቡርግ ጦር ሰፈርንና ትንሹን ምሽግ አንድ ላይ የሚያሳየውን ጠይቂ። ቅዳሜ አትሂጂ፤ ሬሳ ማቃጠያውና የአይሁዶች መቃብር ያን ቀን ዝግ ነው። በጠዋት ከሄድሽ አንድ ቀን ይበቃል።

አካሄዱን ደግሞ ልንገርሽ። ከሙዚየሙ ጀምሪ፤ ሁሉም ነገር ቦታ ቦታውን ይይዝልሻል። ከዚያ ማግደቡርግ ሂጂ። የአይሁዶቹ የሽማግሌዎች ምክር ቤት የነበረው እዚያ ነው፤ የሴቶች ማደሪያ ክፍል እንደነበረው ተደርጎ ይታያል። ሻንጣዎቹን፣ አልጋው ላይ የተጣለውን ልብስ ለልጅሽ አሳዪው። ቀጥሎ ሐዲዱ ጋ ውረጂ። እስረኞቹ ራሳቸው ከቦሁሾቪትሴ ጣቢያ ድረስ የዘረጉት ነው፤ በ1943 አለቀ። ከዚያ በፊት ሻንጣቸውን ተሸክመው ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል በእግራቸው ነበር የሚመጡት። ከዚያ ጋሽ ተፈራ ያሉት ወንዝ። ትንሹን ምሽግ ለመጨረሻ አቆዪው። ጊዜ ካጠረሽ የሚቀረው እሱ ይሁን።

ምሳ እዚያው ከተማዋ ውስጥ ብሉ። ዳዊት አይስማማም ይሆናል፤ እኔ ግን ባለቤቷን አናግሪያት እልሻለሁ። ውሃና የሚመች ጫማ ያዙ፤ መንገዱ በአብዛኛው ኮብልስቶን ነው።